ቮልሷ አባይ በረሃ ላይ ለምን ትቆም ነበር? የአንድ ብልሽት የጉዳይ ጥናት

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ከጀመርን ገና ሦስት ኪሎ ሜትር አልሞላንም። መጀመሪያ ጉልበቷ ላላ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኩላት፤ ጥቂት ጎተተችና ሁለቴ አስነጥሳ ጠፋች። እኔ ፍሬን ይዤ ታናሽ ወንድሜ ወርዶ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባ። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ አጠገባችን ደረሰ፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቤንዚኑ ፈልቶባችሁ ነው! ጨርቅ አርጥባችሁ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጉበት!» ብሎን አለፈ። እንዳለው አደረግን። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ቁልፉን ባዞር ምንም እንዳልነካት ተነሳች። ደጀን ድረስም ሳትቆም ወጣች።

ይህ የሆነው በ2013 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ከዚያ እስከ ሰኔ 2014 ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ በረሃውን ሰባት ጊዜ አቋረጥኩ። በአምስቱ ቆማብኛለች፤ አምስቱንም ጊዜ ከድልድዩ በላይ ባለው ዳገት መጀመሪያ ላይ። ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ግን፣ ያው ቁልቁለትና ያው ዳገት እያለ፣ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም። ችግሩ እስኪገኝ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከአሥራ አራቱ ወር ሦስት ያህሉን ያባከነው መኪናዋ ሳትሆን እኔ በጻፍኩት ኮድ ውስጥ የነበረ ስሕተት ነው። ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ናት፤ አባቴ ትቶልኝ የሄደ ንብረት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራት ፒስቶን ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙበት፣ 1,285 ሲሲ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው። ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማራገቢያውንም ያዞራል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ሳይቃጠል ወዲያው ማቆም ነው። የዚህ ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። መለዋወጫዋ ዛሬም ድረስ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ማርቆስ ተቀምጬ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች እሠራለሁ፤ በየሁለት ሦስት ወሩ እሄዳለሁ። ሰዎች ኮምፒውተርና አሮጌ መኪና ምን አገናኛቸው ይሉኛል። ለእኔ አንድ ፍቅር ናቸው። ዛሬ የምጽፈው ኮድ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው አንዳንዴ በመቶ በሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ላይ የቆመ ነው፤ ሁሉንም ገልጬ አይቼ አልጨርሰውም። የቮልስን ሞተር ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሙሉውን ሊረዳው ይችላል። ቁልፍ ሲዞር ከባትሪው ተነስቶ ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭ እስኪል ድረስ የሚሆነውን ነገር በጣቴ እየተከተልኩ ማሳየት እችላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን አለማወቅ እንቅልፍ ይነሳል።

መካኒኬን ጋሼ እላቸዋለሁ። ማርቆስ ላይ ቮልስ የሚያውቁ ከተባሉ ስማቸው ቀድሞ ይነሳል፤ የአባቴንም ሞተር ሁለት ጊዜ አውርደው የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥርጣሬያቸው እሳቱ ላይ፣ ማለትም ለካንዴላው ብልጭታ በሚሰጠው ክፍል ላይ ነበር። ኮንደንሰር ሲግል ይከዳል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳውን ማብሪያ ማጥፊያ) እና ኮንደንሰሩን ቀየሩ፤ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከሉ። በሰኔ ስመለስ ቆመች። ቀጥለው ወደ ነዳጁ ዞሩ፤ የፓምፑን ዲያፍራም ለወጡ፣ ከፓምፑ እስከ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ዕቃ) ያለውን ጎማ አዲስ አደረጉ፣ ከጭስ ማውጫው አርቀው አሰሩት። በመስከረም 2014 ስመለስ ቆመች። እርጥብ ጨርቁ ሦስቱንም ጊዜ «ሠርቷል»፤ ጨርቅ ጣል አድርገን ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ስንጠብቅ ትነሳለች። ያለ ጨርቅ ሃያ አምስት ደቂቃ ብንጠብቅስ? ይህን ማንም አልሞከረም። እኔም አልሞከርኩም።

የሙቀቱን ነገር አምነን እንድንቀመጥ ያደረገን ሌላም ነገር ነበር። ከማርቆስ የምነሳው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በረሃውን በጠዋቱ ብርድ አልፋለሁ፣ አትቆምም። ከአዲስ አበባ ስመለስ በረሃው ላይ የምደርሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ያኔ ትቆማለች። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይፈለጋል? አየሩ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላል፣ ፓምፑ በነዳጅ ፈንታ እንፋሎት ይስባል። ነገሩ በራሱ እውነተኛ ብልሽት ነው፤ በብዙ መኪና ላይ ይደርሳል። የእኔ ይሁን አይሁን ግን የለካ ሰው አልነበረም።

አዳዲስ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ሥር ኮምፒውተር የሚሰካበት ሶኬት አላቸው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የ1968 ቮልስ ግን ብልሽቷን የሚናገርላት ኮምፒውተር የላትም። ስለዚህ መዝጋቢ ሠራሁላት። ዋናው ኢኤስፒ32 የሚባል፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ዋይፋይ ያለው ርካሽ ሰሌዳ ነው። መረጃውን ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። የራሱን ዋይፋይ ስለሚያሰራጭ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ ስልኬ ላይ ገጽ ይከፍትልኛል፤ በረሃው ውስጥ ኔትወርክ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሞተሩን ዙር የምለካው ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ከቦቢናው ነው። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር አንድ ብልጭታ ይወጣል፤ ባለ አራት ፒስቶን ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ብልጭታ ይሰጣል። በደቂቃ የመጡትን ምቶች ቆጥሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፑንቲናው ሲከፈት በዚያ ሽቦ ላይ ለቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘላል፤ የመጀመሪያ ሰሌዳዬ በዚሁ ተቃጠለ። ሁለተኛውን በኦፕቶካፕለር ለየሁት፤ በመኪናዋና በሰሌዳው መካከል የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ሆነ።

ለሙቀት አንድ ሴንሰር ከሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ሥር እንደ ሮንደላ ገባ። ሦስተኛው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፦ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ተገትሯል፣ ስለዚህ ከአራቱ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው። ሌላ የሙቀት ሴንሰር የነዳጅ ፓምፑ ገላ ላይ አሰርኩ። ከፍታውን ለማወቅ የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ዳሽቦርዱ ውስጥ አስገባሁ። በመጨረሻም፣ ሰሌዳውን ከዘጋሁ በኋላ እንደ ተጨማሪ ነገር፣ በስልክ በአማርኛ ማስታወሻ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ጨመርኩ። መንገድ ላይ ያየሁትን ሁሉ እጽፍበታለሁ፦ የት እንደቆምኩ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ስንት ብር ቤንዚን እንደቀዳሁ። ለዚህ ዓምድ ያን ያህል ቦታ አልሰጠሁትም ነበር።

በጥር 2014 ከጥምቀት በኋላ መዝጋቢዋን ይዤ ስመለስ ቮልሷ እንደ ልማዷ ቆመች። እኔ ግን ደስ እያለኝ ነበር ድንጋይ ያስገባሁላት። ማታ ማርቆስ ገብቼ መረጃውን ስከፍተው የዙሩ መስመር መጋዝ ይመስላል፦ 3,000፣ 1,600፣ 2,900፣ 1,500፣ ደግሞ 3,000። ከመቆሟ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ሁሉ ብልጭታው ግማሽ በግማሽ እየጠፋ ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ሙቀት ግን ከ180 ዲግሪ አላለፈም፤ ጤነኛ ነው። ስለዚህ እሳቱ ነው! ኮንደንሰሩ አዲስ ስለሆነ የቀረው ቦቢናው ነው። በማግስቱ አዲስ ቦቢና ገዝቼ ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ ጋራዡ ሄድኩ።

ጋሼ መስመሩን ዝም ብለው አዩት። «ሸጋ ነው» አሉ። «እስኪ አስነሳና ነዳጅ ስጣት፤ ይቺን ስልክህን ወዲህ ያዝልኝ።» ሞተሩ ተነሳ፤ ቀስ በቀስ ነዳጅ ሰጠሁ። ስልኩ ላይ 2,000፣ 2,500፣ 2,900 እያለ ወጣ። 3,000ን ሲያልፍ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ 1,500 ላይ ወደቀ። ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው፤ አንዲት ምት አልሳተም።

ጋሼ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ እንዳደረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ሞተሩ ሙሉውን ይጮኻል፤ ያንተ ዕቃ ግማሹን ይላል። ማንን ልመን ልጄ?»

ቦቢናውን ከነካርቶኑ ወንበር ላይ አስቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፑንቲና ሲከፈትና ሲዘጋ ይንቀጠቀጣል፤ የኪቦርድ ቁልፍ ሲጫን እንደሚንቀጠቀጠው። አንዱ ምት ሁለት ሦስት ሆኖ እንዳይቆጠር፣ አንድ ምት ከመጣ በኋላ ለ10 ሚሊ ሰከንድ ሌላ አትቀበል ብዬ ነበር። ለኪቦርድ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ እጄ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት። ሞተር ግን ኪቦርድ አይደለም። በ3,000 ዙር በሰከንድ 100 ብልጭታ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ልክ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከ3,000 በላይ ቀጣዩ ብልጭታ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በፊት ስለሚደርስ ኮዴ እያንዳንዱን ሁለተኛ ብልጭታ ይጥለዋል። ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ሞተሯ 3,400 ገደማ ይዞራል። መጋዙ ከዚያ መጣ። ብልጭታውን ያጠፋው የእኔ አንድ መስመር ኮድ ነበር።

ይህን ቦታ ረገጥ አድርጌ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ በሥራዬ ላይ ከዚህ በኋላ የቀየረኝ እሱ ነው። ስሕተቱ እንደ ስሕተት አልመጣም። የጠበቅኩትን መልስ ይዞ፣ ቆንጆ መስመር ሆኖ ነው የመጣው። ከመጀመሪያውኑ እሳቱን ስለጠረጠርን መረጃው «አዎ» ሲለኝ ልጠይቀው አልፈለግኩም። መለኪያውን ደህና በሚሠራ ሞተር ላይ፣ ማርቆስ ላይ ቆማ እያለች፣ አምስት ደቂቃ ብሞክረው ኖሮ ጉዳዩ ያኔ ይገለጥ ነበር። አሁን ማንኛውንም ሴንሰር፣ ደንበኛ የሚከፍልበትንም ቢሆን፣ መልሱን በማውቀው ነገር ላይ ሳልፈትን ወደ ሥራ አላስገባም።

ገደቡን ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ አወረድኩት። ጋራዡ ውስጥ እስከ 4,000 ድረስ ቁጥሩና ድምፁ አብረው ወጡ። ቦቢናውን መለስኩት።

በመጋቢት እንደገና አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ግን ጭራሽ አልቆመችም! ቀኑ ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ሙቀት ነበረው፤ የፓምፑ ገላ 58 ዲግሪ ደርሷል። ደጀን ወጥቼ ቡና እየጠጣሁ መናደዴን አስታውሳለሁ፤ ብልሽት ፈላጊ ሆኜ ብልሽቱ ጠፋብኝ። በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደመናማ ቀን ነው፣ ፓምፑም 51 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ያቺው ቦታ ላይ ቆመች። የዚያን ቀን መስመር ንጹሕ ነው፦ ዙሩ ከ3,300 ተነስቶ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያለ እስከ 1,200 ወረደ፣ ከዚያ ጠፋ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ እያንዳንዷ ብልጭታ በሰዓቷ መጥታለች። እሳቱ ነፃ ወጣ። የረሃብ ሞት ነው፤ ነዳጅ ነው ያልደረሳት። በ58 ዲግሪ ያልቆመች መኪና በ51 ከቆመች ደግሞ «ቤንዚኑ ፈላ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም።

የሁለቱን ቀን መረጃ ለጋሼ ላሳያቸው በኤክሴል ስከፍተው የቁጥሩ ዓምዶች ደህና ናቸው፤ የአማርኛው ማስታወሻ ግን ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኗል። ይህን የማያውቅ አማርኛ ጸሐፊ የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጡበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የ«ሀ» ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ነው (ከቮልስ 1200 ጋር መግጠሙ ሁሌም ደስ ይለኛል)። ካርዱ ላይ ፊደሉ በትክክል ተቀምጦ ሳለ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ አጻጻፍ ዓይነት) መሆኑን ካልነገሩት በሌላ አቆጣጠር ያነበዋል። ያን ዓምድ ሰርዤ ቁጥሩን ብቻ ላትም ተነስቼ ነበር። ከዚያ ጋሼ ቁጥር እንደማይወዱ ትዝ አለኝና አስተካክዬ ሙሉውን አተምኩት።

ወረቀቶቹን ሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ቁጥሮቹን አላዩም፤ ጣታቸው በአማርኛው ላይ ወረደ።

«የመጋቢቷ ቀን ሙሉ አልሞላህም እንዴ?»

አልሞላሁም ነበር። ማስታወሻው «ማደያው ቤንዚን ጨርሷል፣ ግማሽ ነው ያለኝ፣ እግዜር ያውቃል» ይላል። ሌሎቹን ጊዜያት ሁሉ፣ ማርቆስ ላይ ሰልፍ ስለማይጠፋ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ካለው ማደያ እስከ አፏ እሞላለሁ። ስሄድስ? ከማርቆስ ሞልቼ ብነሳም ደጀን እስክደርስ 70 ኪሎ ሜትር ነድቼ ወደ ስድስት ሊትር ተቃጥሏል። ጋሼ ወረቀቱን አጠፉት። «ጋኗ ታፍናለች» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋኑ ቤንዚን ሲወጣበት በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ውስጡ ይጠባል፣ ፓምፑም ከሚጠባ ጋን ጋር ይጎታተታል። የቮልስ ጋን 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። እስከ አንገቱ ከተሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ምናልባት ሁለት ሊትር ነው። ቁልቁለቱን ወርደን ዳገቱን እስክንጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን ቢሄድ፣ የሁለት ሊትሩ አየር ሦስት ሊትር ቦታ ላይ ሊዘረጋ ነው። የቤንዚኑ እንፋሎት የጎደለውን በከፊል ይሞላዋል፤ ሙሉውን አይሞላውም። ጋኑ ግማሽ ከሆነ ግን ውስጡ ሃያ ሊትር አየር አለ፤ አንድ ሊትር ቢሄድ አይሰማውም።

በረሃው ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከፍታ ለማወቅ ብዬ ያስገባሁት የግፊት ሴንሰር ለካስ ግማሹን መልስ ይዞ ነበር። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው ጫፍ ላይ 760 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ታች ድልድዩ ዘንድ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ 890። ጋኑ ውስጥ የተዘጋበት አየር የደጋ አየር ነው፤ ስስ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወፍራሙ የቆላ አየር መሐል ሲገባ ከውጭ ያለው ግፊት ይበረታበታል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደጀን ላይ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ድልድዩ ዘንድ ያየው ሰው ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል። ጋናችን ያ ጠርሙስ ሆኖ ነበር። ቁልቁለቱ ያፍነዋል፤ ሞተሩ ቁልቁል ሲወርድ ብዙ ነዳጅ ስለማይፈልግ ግን አይታወቅም። ዳገቱ ተጀምሮ ሙሉ ነዳጅ ሲፈለግ ፓምፑ ያቅተዋል። ሃያ አምስት ደቂቃ ስንቆም በክዳኑ ጎማ ጠርዝ አየር ቀስ እያለ ይገባል፣ ትነሳለች። እርጥቡ ጨርቅ ምንም አላደረገም፤ ጊዜ እንድንሰጣት ብቻ ነው ያደረገው።

ይህ ሁሉ ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ከጥር ወዲህ ወረቀት ብቻውን አያሳምነኝም። በሰኔ ጋሼን ይዣቸው አዲስ አበባ ሄድን፤ እሳቸውም ጉዳይ ነበራቸው። ስንመለስ ከዚያው ማደያ እስከ አፏ ሞላን። ቁልቁለቱን ወረድን፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ፣ ከጎኑም አሮጌውን እያየን ተሻገርን፤ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ጥግ አስያዙኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፤ ጉሬዛ ይሁን ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ ይጮኻል።

ጋሼ ወርደው በቀኝ በኩል ያለችውን የነዳጅ መሙያ በር ከፈቱ። ክዳኑን በሁለት ጣት ይዘው ሩብ ዙር አዞሩት።

ፍሽሽሽሽ አለ። ወደ ውስጥ ነው የሚስበው፤ መዳፋቸውን ሲያስጠጉት ቆዳቸውን ሳብ አደረገው። ሰባት ስምንት ሰከንድ ያህል ቆየ፣ ከዚያ ጋኑ ውስጥ እንደ ትልቅ ጣሳ «ጓ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ገብቶ የነበረው ላሜራ ተመለሰ። ጋሼ ምንም አላሉም። ክዳኑን መልሰው ዘጉና ገብተው ተቀመጡ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እያስቆሙኝ ክዳኑን እያላሉ እንደገና አጠበቁት። ደጀን ደረስን። አልቆመችም።

ማርቆስ እንደገባን ከጋኑ አንገት ተነስታ ወደ ውጭ የምትወጣዋን ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ፈቱ። አፋቸውን አስጠግተው ቢነፉ አያልፍም። ሽቦ ሰደዱባት፤ እንደ እርሳስ ጫፍ የደረቀ ጭቃ ወጣ፣ ሁለተኛ ሲገፉ ደግሞ የጭቃ ተርብ ጎጆ ከነእጭ ቅርፊቱ። መቼ እንደገባ ማንም አያውቅም፤ ዓመታት ሊሆነው ይችላል።

ታዲያ ለምን በ2013 ፋሲካ ላይ ጀመረ? ይህን የጠየቁት ጋሼ ናቸው። ክዳኑን አገላብጠው እያዩ «ይቺን መቼ ቀየርክ?» አሉኝ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነበር። አሮጌው ክዳን ጎማው አልቆ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸት ስለነበር እኔ ራሴ አዲስ ገዝቼ፣ ለማንም ሳልነግር፣ በሁለት ደቂቃ ቀየርኩት። አሮጌው ክዳን ያፈስ ስለነበር መኪናዋ በእሱ ትተነፍስ ነበር። የመተንፈሻዋን መዘጋት የሸፈነው እሱ ነው። በሥራዬ ላይ ኮድ ውስጥ አንድ ኮማ ብቀይር መቼ፣ ማን፣ ለምን እንደቀየረው የሚመዘግብ ሥርዓት አለኝ፤ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «መጨረሻ ላይ ምን ተቀየረ?» ነው። ለአባቴ መኪና ያን ጥያቄ አሥራ አራት ወር ሙሉ አልጠየቅኩላትም።

ቱቦዋ በአዲስ ተተካ፤ ጫፏ ላይ ተርብ የማያሳልፍ ስስ ወንፊት ገባ። ከዚያ ወዲህ እስከ አፏ ሞልቼ በረሃውን ሦስት ጊዜ ተሻግሬያለሁ፤ አንዴም አልቆመችም። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ተቀየረ፣ ማን ቀየረው። ጋሼም ለሌሎች ደንበኞቻቸው እንዲሁ ያለ ደብተር ጀምረዋል፤ የእሳቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ደንበኛው ምን ብሎ እንዳማረረ ቃል በቃል ይጽፋሉ።

የቀረን አንድ ነገር ካርቡራተሩ ነው። አየር ሲሳሳ ካርቡራተር ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ማርቆስ ላይ ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚንም ከሚገባት በላይ ትበላለች። እኔ ነዳጁ የሚለካባትን ቀዳዳ በጠበበች እንድንቀይር ፈለግኩ። ጋሼ አልተስማሙም፤ «ለማርቆስ ብለህ ብታጠብባት ታች በረሃው ላይ ይጎድልባትና ፒስቶን ታቀልጣለህ» አሉ። ሁለታችንም እውነት አለን። የተስማማነው አንድ ቁጥር ብቻ እንድናጠብ፣ ሌላ ምንም እንዳንነካ፣ በኅዳርም ሙቀቱ በረታ ባለ ቀን ወርደን የሦስተኛውን ሲሊንደር ሙቀት እንድናይ ነው። ከ200 ዲግሪ ካለፈ እዚያው ዳገት ላይ አቁመን አሮጌዋን እንመልሳለን። አዲሷ ቀዳዳ በወረቀት ተጠቅልላ ደብተሩ ውስጥ ናት፤ ካቻቢቴውም አጠገቧ።